አምስት የእንግሊዝኛ ቃላትና የወንድሜ ግራ ዓይን

ለክቡር አቶ ኤልናታን
የወረዳችን ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ኮልፌ ቀራኒዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎ፣ በተለይም ሁለቱ ዓይኖችዎ ደኅና እንደሰነበቱ ተስፋ አደርጋለሁ። አንድ የሥራ ኃላፊ ሁለት ዓይን ሲኖረው ለወረዳው ሕዝብ መታደል ነው፤ በአንደኛው የሚፈርምበትን ቦታ ሲፈልግ በሌላኛው የሚፈርምበትን ነገር ሊያነበው ይችላልና። ቤተሰብዎን፣ የሥራ ባልደረቦችዎን፣ በግቢዎ የቆሙትንም መኪኖች ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ።

ስሜ ፈቀደ ባልቻ ይባላል። ዕድሜዬ አምሳ አራት ነው። ዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት በጉዳት መርማሪነት እሠራለሁ፤ ማለትም የተጋጨ መኪና፣ የተቃጠለ መጋዘን፣ የተደረመሰ አጥር አይቼ "ይህ አደጋ ነው" ወይም "ይህ አደጋ አይደለም" ብዬ እፈርማለሁ። ኮልፌ 18 ማዞሪያ በርና መስኮት የሚሠራው ዱባለ ባልቻ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሐሙስ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰዎችዎ ቆመጥ ግራ ዓይኑ የፈሰሰው ማለቴ ነው። በዚያው ሳምንት ሌላ ሰውም ካለ እንዳይምታታብዎት ብዬ ነው ቀኑን የጠቀስኩት።

ይህን የምጽፍልዎ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ስለ ድርጊቱ ያዘጋጁትን ባለ ሦስት ገጽ ሪፖርት ስላነበብኩ ምስጋናዬን ለማቅረብ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ግን፣ "የዕርቅ ቃለ ጉባኤ" ብለው ለፖሊስ የላኩትን ወረቀት ከሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን በፊት እንዲስቡልን ለመለመን ነው። ካልሳቡት የወንድሜ መዝገብ ሰኞ ጠዋት "በዕርቅ ያለቀ" ተብሎ ይዘጋል። ዱባለ መቃወሚያ ይዞ ሄዶ ነበር፤ ዕርቁን የመዘገበው መሥሪያ ቤት ማኅተም ካላረፈበት ዋጋ የለውም ተባለ። ማኅተሙ እርስዎ ዘንድ ነው። እርስዎ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነዎት። ስለዚህ በሕዝብ ፊት መጻፍ ግድ ሆነብኝ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ ሌላው አንባቢ ነገሩን ከመነሻው ይወቀው።

በእኛ ሰፈር እያንዳንዱ ቤት ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ በቀበሌ ዘመን የተሰጠ፣ ሌላው በኋላ የመጣ። የውኃው ቢል በአሮጌው፣ የቦታው ግብር በአዲሱ ይመጣል። "ቁጥርህ ስንት ነው?" ያለዎት ሰው ወዲያው "አዲሱ ነው አሮጌው?" ካላለ የኮልፌ ልጅ አይደለም። የዱባለ ሱቅ በአዲሱ 231 ነው፤ የቆርቆሮው በር ላይ ግን አባታችን በቀይ ቀለም የጻፈው 614 እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ነበረ። አዲሱ 614 ከማዞሪያው ማዶ ወደ መንገዱ ገፍቶ የቆመ፣ ባለቤቱ የጠፋ የኮንቴነር ሱቅ ነው። እርስዎ ይፍረስ ብለው የጻፉት ለዚያኛው ነው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ደንብ አስከባሪዎች፣ አንድ አይሱዙና እርስዎ የተቀመጡበት ነጭ ፒካፕ ዱባለ ሱቅ ፊት ቆሙ። ዱባለ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወጣ። የንግድ ፈቃዱንና የቦታውን ማስረጃ በላስቲክ ውስጥ ይዞ፣ "አለቃ፣ ይሄ አሮጌው ቁጥር ነው፤ አዲሱ ማዶ ያለው ነው፤ ኑ ላሳያችሁ" አላቸው። ከመካከላቸው አንዱ፣ "አንተ ነህ ደግሞ እኛን የምታስተምረን?" ብሎ ወረቀቱን ከእጁ መትቶ ጣለው። ዱባለ ጎንበስ ብሎ አነሣው። የመጀመሪያው ቆመጥ ትከሻው ላይ ያረፈው ገና ቀና ሳይል ነው። ሁለተኛው ወረቀቱን የያዘውን እጁን አገኘው፤ ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ። ሦስተኛው ዓይኑን። ከወደቀ በኋላ በጫማ ጎኑን ያሉትን ሰዎች ቁጥር ምስክሮች በየራሳቸው ስለሚናገሩት እኔ አልጨምርም። ጎረቤቱ ያለችው የጁስ ቤቷ ሚሚ፣ "ኧረ ሰው ገደላችሁ! ኧረ በእናታችሁ! የሰው ልጅ እኮ ነው!" እያለች ብትጮህ፣ "አንቺም ትቀጥያለሽ" ተብላ በሯን ዘጋች።

ከዚያ ቆርቆሮው ተነሣ፣ ቱቦላሬው ተጠማዘዘ፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ያለቀ የላሜራ በር በመዶሻ ተደበደበ፣ የብየዳ ማሽኑ አይሱዙው ላይ ተጫነ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው አንዱ የትዕዛዙን ወረቀት ገልጦ በተዘጋው በር በኩል ሚሚን፣ "እቱ፣ ይሄ 614 አዲሱ ነው አሮጌው?" ብሎ የጠየቃት። "አሮጌው ነው! ከመጀመሪያውም ነገራችሁ እኮ!" አለችው። "በቃ እንሂድ" አለ። ሄዳችሁ።

ማዶ ያለው ኮንቴነር እስከ ዛሬ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ሳልፍ አየዋለሁ፤ በጣም ደኅና ነው።

አሁን ወደ ሪፖርትዎ ልምጣ። በአማርኛ የተጻፈ ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በጠበበ ቁጥር፣ ማለትም ደም ባለበት ቦታ ሁሉ፣ አማርኛው ያቆምና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይገባል። እንዲህ ያሉ ቦታዎች አምስት ናቸው። ሪፖርቱን ለእናታችን ለወይዘሮ ሰርኬ ሳነብላቸው፣ የመጀመሪያው ቃል ላይ አስቁመውኝ፣ "ይሄ ያዘዙለት መድኃኒት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። አይደለም፣ መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ያዘዘው ነው አልኳቸው። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ስለሆነ በሥርዓቱ ላስረዳቸው ሞከርኩ፤ አቤቱታዎቼም ከዚያ የወጡ ናቸው።

፩. በገጽ አንድ "ግብረ ኃይሉ ሚስቴክንሊ ወደ ሌላ ይዞታ ገብቷል" ብለዋል። በስህተት ማለትዎ ነው። "በስህተት" ብለው ቢጽፉት ኖሮ ኮልፌ ውስጥ ያለ ማንኛውም ሰው "የማን ስህተት?" ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ይህን ጥያቄ ስላስቀሩልን እናመሰግናለን። ይሁንና ስህተት ዕድሜ አለው። ሰው እስኪነግርዎት ድረስ ስህተት ነው። ወንድሜ ማስረጃውን ዘርግቶ፣ በጣቱ ወደ ማዶ እያመለከተ ነገራችሁ። ያ ጣት ከተሰበሩት ሁለቱ አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ ለተደረገው ነገር ሌላ ቃል ይፈለግለት፤ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ለዚያ የሚሆን ቃል አላጡም።

፪. በዚያው ገጽ መጨረሻ "በተፈጠረው ግርግር ዱላው አክሲደንታሊ የግለሰቡን ዓይን ነክቷል" ተብሏል። እዚህ ላይ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የሥራዬ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ እረዝማለሁ። አደጋ ደረሰ ተብሎ ስጠራ ቦታው ላይ መጀመሪያ የምፈልገው የፍሬን ምልክት ነው። ሳይፈልግ ሊገጭ የቀረበ ሾፌር ከመግጨቱ በፊት ፍሬን ይይዛል፣ ጎማውም አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ይተዋል። ሰካራሙም ይይዛል፣ ለማጁም ይይዛል። የፍሬን ምልክት በሌለበት ቦታ "ይህ አደጋ ነው" ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤ እንድፈርም የጠየቁኝ ብዙ ናቸው፣ ከእርስዎ የሚበልጡ ሰዎችም ነበሩባቸው። ከመጀመሪያው ቆመጥ እስከ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ያለውን ርቀት የአራት ምስክሮች ቃል እያመሳከርኩ መርምሬያለሁ። በመካከላቸው እጅ ሦስት ጊዜ ወደ ላይ ተነሥቷል። እያንዳንዱ ሲነሣ የሚወርድበትን ቦታ መርጧል። አንድም ቦታ ፍሬን አልተያዘም። "ግርግር" ያሉትንም ፈልጌ አጣሁት፤ አሥራ አንድ ሰው ቆሞ፣ አንድ ሰው ወድቆ፣ አንዲት ሴት በር ዘግታ ነበር። በእኛ ሰፈር ይህን ግርግር አንለውም።

፫. በገጽ ሁለት ላይ "አንፎርቹኔትሊ ግለሰቡ የዓይን ጉዳት አጋጥሞታል" ይላል። ለማዘንዎ እጅግ እናመሰግናለን። የተበየደ ብረት ቀጥ ማለቱን የሚለካው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው በማየት ነው፤ ዱባለ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጨፈነው ቀኙን ነበር። አሁን የሚያይበት ፈስሶ የሚጨፍነው ቀረለት። ባለፈው ሳምንት ሚስቱ ምህረት ሻይ ስትሰጠው ብርጭቆውን ከሚቀበልበት ቦታ አንድ ስንዝር አልፎ ጨበጠ፤ ሻዩ ፈሰሰ፤ እሷ "ምንም አይደል" አለች፤ እሱ ወጥቶ ግድግዳውን በጤነኛው እጁ እስኪደማ መታው። መጥፎ ዕድል ማለት በረዶ ነው፣ መብረቅ ነው። እርስዎ ግን የመጡት በፒካፕ ነው።

፬. "የብየዳ ማሽኑ ኢናድቨርተንትሊ ከሌሎች ንብረቶች ጋር ተጭኗል።" ሳይታወቅ፣ ልብ ሳይባል ማለት ነው። ክቡር ሆይ፣ ማሽኑ ሰማንያ ሁለት ኪሎ ነው። አራት ሰው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!" ብሎ ቆጥሮ አነሣው፣ አምስተኛው መኪናው ላይ ሆኖ ተቀበለው፣ አንደኛው እግሩ ላይ ሊወድቅበት ሲል ተሳደበ። በዚህ ሁሉ መካከል ማሽኑን ልብ ያለው ሰው አልነበረም ማለትዎ ከሆነ፣ ሰዎችዎን ሐኪም እንዲያያቸው በትህትና አሳስባለሁ። ማሽኑ አሁን ግቢዎ ውስጥ ነው፤ ጥበቃው ካፖርቱን ይሰቅልበታል።

፭. የመጨረሻው ገጽ "አንፌርሊ ተስተናግጃለሁ የሚል ግለሰብ ቅሬታውን የማቅረብ መብቱ የተጠበቀ ነው" ብሎ ይደመድማል። ያለ አግባብ ማለትዎ ነው። መብቱ ተጠብቆ ማየቴን እመሰክራለሁ። የቅሬታ ሣጥኑ በቁልፍ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ጠፍቶ፣ ቅሬታ ሰሚዋ ሥልጠና ሄደው፣ በእርግጥም ማንም እንዳይነካው ሆኖ ተጠብቋል። ስምንት ጊዜ ሄጃለሁ።

ከስምንቱ አንዱን ለብቻ ልንገርዎ፣ መደበቅ አልወድም። ሐኪሙ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ጨርቁን አንሥቶ፣ "ይሄኛውን ማትረፍ አንችልም፤ ሌላውን ግን እንጠብቀዋለን" ብሎ በጥሩ ልብ ሲያስረዳኝ በቅጡ አልሰማሁትም፤ የወንድሜን ጉንጭ ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፈረሰው ሱቅ ሄድኩ። ከፍርስራሹ ውስጥ የዱባለን ትልቁን መዶሻ አወጣሁ፣ ፌስታል ውስጥ ከተትኩት፣ ቢሮዎ ደጃፍ ድረስ በእግሬ መጣሁ። የማደርገውን ነገር በዝርዝር አስቤበት ነበር፤ ከየትኛው እጅዎ እንደምጀምርም ጭምር። ጥበቃው ፌስታሉን ነካ ነካ አድርጎ፣ "ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?" አለኝ። "ለአለቃህ የመጣ ማስረጃ ነው" አልኩት። "አይ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው" አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ስብሰባ የሰው ሕይወት ሲያተርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ በስብሰባ ላይ የሚያጠፉትን ጊዜ ከእንግዲህ አልነቅፍም። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ በእጄ ብዕር ያዝኩ፤ ለእርስዎም ለእኔም የተሻለው ይኸው ነው፣ የሚቀለው ግን አልነበረም።

፮. ከአምስቱ ቃላት የከፋው ስድስተኛው ነገር በአማርኛ የተጻፈ ነው።

እሑድ መጋቢት 28 ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ልከውብናል። ሽማግሌ መላክዎ ያስመሰግናል፤ ደም የፈሰሰበት ቤት ሽማግሌ ሊመጣበት ይገባል። ነገር ግን አያቶቻችን የሠሩት ሥርዓት አለ፤ ጉዳት ያደረሰው ሰው ራሱ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ደጃፍ ላይ ይደፋል። ከሽማግሌዎቹ ኋላ ስመለከት ግን ድንጋይ የተሸከመ ሰው አልነበረም፤ የጽሕፈት ቤትዎ ጸሐፊ ወይዘሮ የሺእመቤት ማኅደር ይዘው ቆመው ነበር። ዱባለ በዚያን ሰዓት ቤት አልነበረም፤ እሑድም ቢሆን ቁስሉ የሚጠረገው በየቀኑ ነውና ምህረት ይዛው ሄዳ ነበር። ቤት የነበርነው እናቴና እኔ ነን።

እንደሚያውቁት፣ ካላወቁም አሁን ይወቁት፣ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ እስኪባል ድረስ አይቀመጥም። "እሺ በሉንና እንቀመጥ" ይላል፤ ባለቤቱ "ተቀመጡ" ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሦስቱም ቆሙ። ሩብ ሰዓት አለፈ። ከሦስቱ አንዱ የድሮ ጎረቤታችን አቶ ጉታ ናቸው፤ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ ታክመዋል፣ በትራቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቴ አዩዋቸው። "ጉታ ወንድሜ፣ አንተስ ምን በወጣህ፤ ቁጭ በል እንጂ ልትወድቅ ነው" አሉ። አቶ ጉታ ተቀመጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እርስ በርሳቸው ተያይተው እነሱም ተቀመጡ። እናቴም እንግዳ ነውና ሻይና ዳቦ አቀረቡ።

ወይዘሮ የሺእመቤት ማኅደራቸውን ከፍተው መጻፍ ጀመሩ። "ምን እየጻፉ ነው?" አልኳቸው። "ቅጹን ነው ጋሼ። 'ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል ወይስ አልተቀመጡም' ነው የሚለው፤ ተቀምጠዋል።" "ኧረ እኔ ለጉልበቴ ነው የተቀመጥኩት!" አሉ አቶ ጉታ። "አባባ፣ ጉልበት የሚል ቦታ የለውም" አሉዋቸው፤ ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይመስሉኝም፣ እውነትም ቦታ የለውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ፈረሙ። አቶ ጉታ አልፈርምም አሉ። "ከሦስት ሁለት ይበቃል" ተባለ። በማግስቱ ለፖሊስ የደረሰው ወረቀት "የተጎጂው እናት ሽማግሌዎችን በክብር አስቀምጠው፣ ማዕድ አቅርበው፣ ዕርቁን በደስታ ተቀብለዋል" ይላል።

እናቴ ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። ወደ ጓዳ ገቡ፤ በዚያ ቀን የተጠጣባቸውን ብርጭቆዎች አወጡ፤ አንድ በአንድ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ሰባበሯቸው። ስድስት ነበሩ። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ቁሞ አይተው ማለፍ የማይችሉ ሴት፣ ከዚያ ወዲህ በራቸውን ዘግተው ይውላሉ። ክቡር ሆይ፣ ሰዎችዎ ከወንድሜ ላይ የወሰዱትን ሐኪም በላቲን ስም ጽፎ ማስረጃ ሰጥቶናል። ከእናቴ ላይ የወሰዱትን ግን የሚጽፍልን አላገኘንም።

ደግሞም ቅጹ የታተመ ቅጽ ነው። ግርጌው ላይ የታተመበት ብዛት አምስት መቶ ተብሏል። አምስት መቶ! ከእኛ በፊት ስንት ቤት እንደተንኳኳ፣ ስንት ደግ ሴት "አረፍ በሉ" በማለቷ ብቻ የልጇ መዝገብ እንደተዘጋ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት። የእኛን ብቻ ይመልሱልን።

ስለዚህ በአክብሮት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ቅዳሜና እሑድ እንኳ ቢሆን ማኅተምዎን አንሥተው፣ "ቤተሰቡ ዕርቅ አልተቀበለም" በሚል አንድ መስመር ላይ ያሳርፉት። ካሣ አልጠየቅሁም። ማሽኑ ይቅር፣ በሩ ይቅር፤ ዱባለ ሰዎቹን በፍርድ ቤት ፊት በቀረው ዓይኑ ቀጥ ብሎ እንዲያያቸው ብቻ ነው የምፈልገው። እነሱም እንዲያዩት። በዚያ ክፍል ውስጥ ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሚሰብር ማየት እፈልጋለሁ። ይህ እምቢ ከተባለ ግን፣ እኔ ፌስታል ይዤ ከእንግዲህ ቢሮዎ አልመጣም፤ በምትኩ ይህን ደብዳቤ በ18 ማዞሪያ ምሰሶዎች ሁሉ፣ በታክሲዎቹ መስታወት፣ በእርስዎም ቤት በር ላይ፣ አዲሱንና አሮጌውን ቁጥር በሚገባ አጣርቼ፣ እለጥፈዋለሁ።

ለሰጡን ትምህርት፣ ላሳዩን ትዕግሥት፣ በሪፖርትዎ ውስጥ ለአንድ ብየዳ ሠራተኛ ሲሉ ለደከሙበት የባዕድ ቋንቋ ያለኝን ከፍ ያለ ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ እርስዎ ለሰው የሚመኙት ሁሉ በእጥፉ እንዲደርስዎ ከልቤ እየጸለይኩ፣ ከወገቤ ሳልጎነበስ ግን ከነሙሉ አክብሮቴ እሰናበትዎታለሁ።

የተጎጂው ታላቅ ወንድም፣
ፈቀደ ባልቻ
ቅዳሜ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለአቶ ጉታ፣ ተቀምጠው እንዲያነቡት፤
ለወይዘሮ የሺእመቤት፣ በማኅደር እንዲያያይዙት፤
ለሚሚ ጁስ ቤት ግድግዳ።

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ጠዋት ፈርሜ ላባዛው ጦር ኃይሎች ሰፈር ደርሼ ስመለስ ቤታችን እንግዳ ቆሞ ጠበቀኝ። ከሰዎችዎ አንዱ ነው፤ ስሙ ኤልያብ፣ ቆመጡን የያዘው እሱ ነው። ብቻውን፣ ያለ ሽማግሌና ያለ ቅጽ መጥቶ ዱባለ እግር ላይ ተደፋ። ዱባለ በመጀመሪያ በእግሩ ገፋው፤ ቀጥሎ ኮሌታውን ይዞ አነሣው፤ ሊመታው መስሎኝ ነበር፤ "አንተ ልጅ፣ የሆነውን ተናገር" አለው። ልጁም "ጋሼ፣ ሁለቱን በራሴ ነው የመታሁት፤ ከዚያ ይበቃዋል ብዬ ወደ ፒካፑ ዞር ስል፣ እሳቸው መስታወቱን ዝቅ አድርገው 'ምን ትገተራለህ፣ ጨርሰው!' አሉኝ፤ ሦስተኛው ያኔ ነው" አለ። "እሳቸው" ማን እንደሆኑ እርስዎ ይነግሩናል። ከቀትር በኋላ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ይህንኑ ቃል ሰጥቶ ፈርሟል፤ ሚሚም ከበሯ ወጥታ ምስክር ሆናለች። መዝገቡ ሰኞ አይዘጋም፤ በምትኩ ለሰኞ ሦስት ሰዓት በስምዎ መጥሪያ ተጽፏል። ኤልያብ የሰጠው ቃል አንድ ገጽ ከሩብ ነው፣ ሁሉም በአማርኛ ነው። አስተርጓሚ የሚያስፈልግዎ ከሆነ የፖሊስ መርማሪው ከወዲሁ እንዲያስታውቁ በትህትና ጠይቀውዎታል።